ከዐሥራ ስምንቱ ማን በደለ?

የወንጌል ንባብ፦ ሉቃ. 13፥1-9



ባለፉት ጥቂት ዓመታት የሀገራችን ምድር ደጋግማ ተናውጣለች። ከመስከረም ወር 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ ለብዙ ወራት አላባራ ብሎ፥ የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. በመለኪያው እስከ 6 ደረሰ። በአፋርና በኦሮሚያ ክልሎች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ቤትና ንብረታቸውን ትተው ለመሰደድ ተገደዱ፤ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ ብዙ ሰው እንቅልፍ አጣ። ዓመቱ ተለውጦ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ በአፋር የሚገኘው፥ ከዚያ በፊት መፈንዳቱ በታሪክ ያልተመዘገበው የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈነዳ፤ አመዱም ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በኦማን በኩል እስከ ሕንድ ሰማይ ደረሰ።

እንዲህ ያለው ወሬ በሬዲዮ በተሰማ ቁጥር፥ በሬኮም ሆነ በዲላ፥ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢም ሆነ ጎረቤት ለቡና በተሰበሰበበት ቤት፥ አንድ ጥያቄ ሲመላለስ ይሰማል። «እነዚያ ሰዎች ምን ቢበድሉ ነው?» ይባላል። አንዳንዱም ጥያቄውን እንኳ ሳያነሣ ወደ መልሱ ይቸኩልና «እግዚአብሔር ቀጣቸው» ብሎ ይደመድማል። ተናጋሪው ክፋት አስቦ ላይሆን ይችላል፤ እንዲያውም የእግዚአብሔርን ክብር የጠበቀ ይመስለዋል። ነገር ግን ይህ ጥያቄ ለጌታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ ቀርቦለት ነበር፤ እርሱም መልሶበታል። እንግዲህ እኛ ከመናገራችን በፊት እርሱ ምን እንዳለ መስማት ይገባናል።

በሰሊሆም የወደቀው ግንብ

ቅዱስ ሉቃስ እንደሚተርክልን፥ ጲላጦስ በመሥዋዕታቸው መካከል ስላስገደላቸው የገሊላ ሰዎች ለጌታችን ወሬ አመጡለት። እርሱም በነገሩ ላይ ሌላ ወሬ ጨመረ፤ በሰሊሆም ግንብ ተንዶ ስለገደላቸው ዐሥራ ስምንት ሰዎች አነሣ። አንደኛው አደጋ ከሰው ጭካኔ የመጣ ነው፤ ሁለተኛው ግን ገዳይ የሌለበት፥ ድንጋይና ግድግዳ ያደረሱት አደጋ ነው። በሁለቱም ላይ ጌታችን ያቀረበው ጥያቄ አንድ ነው፤ እነዚህ ሰዎች ከሌሎቹ የገሊላና የኢየሩሳሌም ሰዎች ይልቅ ኃጢአተኞች ስለነበሩ የሞቱ ይመስላችኋልን? በሁለቱም ላይ የሰጠው መልስ አንድ ነው፤ አይደለም። ቀጥሎም ፊቱን ከሙታን ወደ ሕያዋን መልሶ ሰሚዎቹን ወደ ንስሓ ጠራቸው።

እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን ነገር አለ። ጌታችን ግንቡ ለምን እንደ ወደቀ አልተናገረም። ወሬውን ያመጡለት ሰዎች ስለ ሞቱት ሊፈርዱ ተዘጋጅተው ነበር፤ እርሱ ግን የፍርዱን ወንበር ከእጃቸው ወሰደና የራሳቸውን ሕይወት እንዲመረምሩ አደረጋቸው። ትምህርቱንም በዚያ አላበቃም። ወዲያውኑ በወይን አትክልት ውስጥ ሦስት ዓመት ፍሬ ሳትሰጥ ስለቆመችው የበለስ ዛፍ ምሳሌ ነገራቸው። ባለቤቱ ይቁረጧት አለ፤ አትክልተኛው ግን ዙሪያዋን ቆፍሮ ፍግ እስኪያደርግላት ድረስ አንድ ዓመት እንዲታገሣት ለመነ።

ብዙ ጊዜ እነዚህን ሁለት ንባቦች ለያይተን እንሰብካለን። ወንጌላዊው ግን ጎን ለጎን አስቀምጧቸዋል። በአንዱ የወደቀ ግንብ፥ በሌላው የሚቆፈር መሬት አለ። አንዱ «ማን በደለ?» የሚለውን ጥያቄ ይዘጋል፤ ሌላው «በተሰጠን ጊዜ ምን እንሥራ?» የሚለውን ይከፍታል። የዛሬው ትምህርታችን ከዚህ አይወጣም።

ከእግራችን በታች ያለው

ጌታችን የግንቡን አወዳደቅ ባይተነትንም፥ ሰው ፍጥረትን እንዲመረምር አእምሮን የሰጠው እግዚአብሔር ነው። ስለዚህ ምድራችን ለምን እንደምትናወጥ ማወቅ እምነትን አይቃወምም።

የምድር የላይኛው ቅርፊት አንድ ወጥ አይደለም። ሊቃውንት ቴክቶኒክ ፕሌት ብለው በሚጠሯቸው ታላላቅ የድንጋይ ሰሌዳዎች የተከፋፈለ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ሦስቱ፥ ማለትም የዐረቢያ፥ የኑቢያና የሶማሊያ ሰሌዳዎች፥ በአፋር ምድር ይገናኛሉ፤ ደግሞም በዚያው ይለያያሉ። ከአፋር ተነሥቶ በአዋሽ፥ በዝዋይ፥ በላንጋኖ፥ በሐዋሳ፥ በዓባያና በጫሞ ሐይቆች በኩል ወደ ኬንያ የሚወርደው ስምጥ ሸለቆ የኑቢያና የሶማሊያ ሰሌዳዎች የሚራራቁበት ስፍራ ነው። የጌዴኦ ምድር የተቀመጠው በዚህ ሸለቆ ምሥራቃዊ ትከሻ ላይ ነው። ከዲላ በስተምዕራብ ወደ ዓባያ ሐይቅ ቁልቁል የሚመለከት ሰው ሸለቆውን በዓይኑ ያያል፤ ከሐይቁ ማዶ በአርባ ምንጭ በኩል ያለው ደጋ ደግሞ ሌላኛው ትከሻ ነው።

ሁለቱ ትከሻዎች በየዓመቱ በ5 ሚሊ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። ሰባ ዓመት የኖረ አንድ ሽማግሌ በተወለደበት ቀንና በሚያርፍበት ቀን መካከል በሸለቆው ግራና ቀኝ ያለው ምድር የተራራቀው ክንድ የማይሞላ፥ 35 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ይሁን እንጂ በሥር ያለው ድንጋይ ሁልጊዜ በዝግታ አይንሸራተትም። አንዳንድ ጊዜ ተያይዞ ለብዙ ዓመታት ይቆይና በድንገት ሲላቀቅ ምድርን ያንቀጠቅጣል። ቅርፊቱ በሳሳበት ቦታም የቀለጠው ድንጋይ መንገድ አግኝቶ ይወጣል። በመስከረም ወር 1998 ዓ.ም. በአፋር በዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም መሥመር ላይ ምድር ተሰንጥቆ፥ አንዳንዱ ስፍራ በጥቂት ሳምንት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ተራርቋል። ለብዙ መቶ ዓመታት የተጠራቀመው መሳሳብ በዚያን ጊዜ በአንድነት ተለቀቀ ማለት ነው።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፥ በነሐሴ ወር 1898 ዓ.ም. በስምጥ ሸለቆ የተነሣ ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባን አስደንግጧል። በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ በደረሰው መንቀጥቀጥ ማጀቴ ፈረሰች፤ በመጋቢት ወር 1961 ዓ.ም. ሰርዶ ወደመች። በእኛ አካባቢም እሑድ ጥር 15 ቀን 2008 ዓ.ም. ሐዋሳ ተንቀጥቅጣ ሕዝቡ መደንገጡን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። የዚያ መንቀጥቀጥ መጠን ከ5 በታች ነበር፤ ፍርሃቱ ግን ትልቅ ነበር።

ይህን ታሪክ ለትውልድ አሰባስበው ካቆዩልን መካከል አንዱ ካህን መሆናቸውን ምእመናን ብታውቁ መልካም ነው። ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል አባ ፒየር ጉዋን፥ የዚያን ጊዜው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በማኅበራቸው አባቶች ይመራ በነበረበት ወቅት፥ እ.ኤ.አ. በ1957 የጂኦፊዚክስ ምርምር ጣቢያውን አቋቋሙ። መሣሪያ ተክለው የምድርን ንዝረት መዘገቡ፤ የቀደሙ ነገሥታትን ዜና መዋዕልና የመንገደኞችን ጽሑፍ መረመሩ። እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳተሙት የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ዛሬም ለመሐንዲሶች መነሻ ነው። ቀኑን፥ ስፍራውንና የጉዳቱን መጠን ለመመዝገብ ደከሙ፤ የሙታንን በደል ግን አልቆጠሩም። ይህም የአንድ ካህን የንስሓ ፍሬ ሊባል ይችላል፤ ፍርድን ትቶ፥ በሕይወት ያሉትን የሚጠብቅ ዕውቀት ማዘጋጀት ነውና።

ሌላም ነገር አንርሳ። ሸለቆውን የሰነጠቀው እሳት አፈራችንንም ሰጥቶናል። በሬኮ ተዳፋት ላይ ቡናና እንሰት የሚበቅልበት ቀይ አፈር ከጥንት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ነው። የምንጎርሰው ቆጮና ለእንግዳ የምናቀርበው ቡና ከዚያ እሳት ድርሻ አላቸው። ጌታችን የተጠመቀበት የዮርዳኖስ ሸለቆም በቀይ ባሕር በኩል ከእኛው ሸለቆ ጋር በተያያዘ ታላቅ ስንጥቅ ላይ ይገኛል። ነቢዩ አሞጽ የትንቢቱን ዘመን ሲያመለክት በንጉሥ ዖዝያን ዘመን የሆነውን የምድር መናወጥ እንደ ቀን መቁጠሪያ ተጠቅሞበታል (አሞ. 1፥1)። ቃል ሥጋ ሲሆን ጸንቶ የማይናወጥ ምድር አልመረጠም፤ እንደ እኛው ምድር በሚንቀጠቀጥ ምድር ላይ ተወለደ፥ ተመላለሰ፥ ሞተ፥ ተነሣ።

እግዚአብሔር ቀጣቸው እንበልን?

አንድ ጠንቃቃ አንባቢ እንዲህ ሊለን ይችላል፦ «በኦሪት ዘኍልቍ ምድር አፍዋን ከፍታ ቆሬንና ተከታዮቹን አልዋጠችምን? ታዲያ እግዚአብሔር በምድር መናወጥ አይቀጣም እንዴት ይባላል?» ጥያቄው ቅን ነው፤ መሸሽም አይገባም። ነገር ግን በዚያ ስፍራ ሙሴ አስቀድሞ የእግዚአብሔርን ቃል ተቀብሎ ነበር፤ ቃሉንም ለበደሉት ሰዎች ፊት ለፊት ተናገረ፤ ሕዝቡም ከድንኳኖቻቸው እንዲርቁ አስጠነቀቀ። እኛ ስለ አፋር ሰዎች እንዲህ ያለ ቃል ከማን ተቀበልን? ነቢይ ሳይሆኑ እንደ ነቢይ መፍረድ በእግዚአብሔር ስም በከንቱ መማል ነው። ደግሞም የሕጉ ፍጻሜ የሆነው ክርስቶስ ስለ ሰሊሆም ሰዎች ከተናገረ በኋላ፥ የእርሱ ደቀ መዝሙር የሆነ ሰው ወደ ኋላ ተመልሶ የሙታንን ኃጢአት ሊቆጥር አይችልም።

ሌሎች ደግሞ መናወጡን ሁሉ የዓለም ፍጻሜ ማስረጃ አድርገው ቀን እስከ መቁጠር ይደርሳሉ። ጌታችን የምድር መናወጥ እንደሚሆን በእርግጥ ተናግሯል (ማቴ. 24፥7-8)፤ ነገር ግን ይህን የምጥ መጀመሪያ አለው፤ እንዳንታወክ አዘዘን፤ ቀኑንና ሰዓቱንም ከአብ በቀር የሚያውቅ እንደሌለ አስተማረን። ስለዚህ ቀን ቆጥሮ የሚያስፈራራችሁ ሰው ወንጌልን አልሰበከላችሁም።

እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 310 ይህን ነገር በጥንቃቄ ያብራራዋል። እግዚአብሔር ዓለምን የፈጠረው ወደ ፍጹምነቱ በመጓዝ ላይ እንዳለ አድርጎ ነው፤ በዚህ ጉዞ ውስጥ አንዱ ሲመጣ ሌላው ይሄዳል፤ የተፈጥሮ መገንባትና መፍረስ አብረው ይኖራሉ። ፍጥረት ፍጹምነቱን እስኪያገኝ ድረስ ከተፈጥሮ መልካምነት ጋር የተፈጥሮ ጉዳትም አለ። ይህ መልስ ልጁን ለቀበረ አባት እንባውን አያደርቅለትም፤ ነገር ግን ሐዘንተኛውን በደለኛ ነህ ከማለት ይጠብቀናል።

እ.ኤ.አ. መስከረም 26 ቀን 1997 በኢጣልያ በአሲዚ ከተማ የሆነውን እናስታውስ። በሌሊት የመሬት መንቀጥቀጥ የቅዱስ ፍራንቸስኮስን ባሲሊካ ጎዳ። ሲነጋ ጉዳቱን ሊመረምሩ ከገቡት መካከል ሁለት የፍራንቸስኮስ መነኮሳትና ሁለት ባለሙያዎች ሁለተኛው መናወጥ ጣሪያውን አፍርሶባቸው ሞቱ። በቅዱሱ ቤት ውስጥ፥ በመልካም ሥራ ላይ ሳሉ ሞቱ። ለእነዚህ ያላልነውን ቃል ለሌሎች እንዴት እንላለን?

እ.ኤ.አ. በ2011 በጃፓን ከደረሰው ታላቅ የምድር መናወጥና የባሕር ማዕበል በኋላ፥ በዚያ የምትኖር አንዲት የሰባት ዓመት ሕፃን ልጆች ለምን እንዲህ እንደሚያዝኑ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 16ኛን በዕለተ ዓርብ ስቅለት በቴሌቪዥን ጠየቀቻቸው። እኒያ ታላቅ የነገረ መለኮት ሊቅ ረጅም ትንታኔ አልሰጧትም። እርሳቸውም ያንኑ ጥያቄ እንደሚጠይቁ፥ መልሱም በእጃቸው እንደሌለ፥ ነገር ግን ኢየሱስ ንጹሕ ሆኖ ሳለ እንደ እርሷ መከራን እንደተቀበለና እግዚአብሔር ከጎንዋ እንዳለ ነገሯት። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፥ ሕፃናት ይህን ጥያቄ ባቀረቡላችሁ ጊዜ «አላውቅም፤ ነገር ግን ክርስቶስ ከእኛ ጋር ነው» ማለት እንደማያሳፍር ከዚህ ተማሩ።

ዙሪያውን መቆፈር

እንግዲህ ወደ በለሷ እንመለስ። ጌታችን ንስሓ ግቡ ካለ በኋላ ንስሓ ምን እንደሚመስል ያሳየን በአትክልተኛው ነው። አትክልተኛው ለዛፏ ጊዜ ለመነ፤ ጊዜውንም በሥራ ሊሞላው ቃል ገባ። ንስሓ ከኃጢአት መመለስና ወደ ኑዛዜ መቅረብ መሆኑን ሁላችን እናውቃለን፤ ይህም ከሁሉ ይቀድማል። ነገር ግን እውነተኛ ንስሓ በእጅና በእግርም ይታያል። በእኛ ምድር ደግሞ መቆፈር ለማንም እንግዳ ሥራ አይደለም።

አባቶቻችን በዚህ ቀጥ ባለ ተዳፋት ላይ እንሰትን ከቡና፥ ቡናን ከዋንዛና ከብርብራ ጥላ ሥር አዋሕደው ተከሉ። የእንሰቱና የዛፉ ሥር አፈሩን ይይዛል፤ ቅጠሉ የዝናቡን ኃይል ይሰብራል፤ የወደቀው ቅጠል ውኃውን ቀስ አድርጎ ወደ ምድር ያስገባል። ዓለም ይህን ጥበብ አይቶ በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ነገር ግን መዝገብ ተዳፋትን አይዘውም፤ ተዳፋትን የሚይዘው ሥር ነው። ዛሬ በብዙ ስፍራ ትልልቁ ዛፍ ለገንዘብ ይቆረጣል፤ እንሰቱ ይነቀላል፤ በምትኩ ጫትና ባሕር ዛፍ ይተከላል። መሬቱ የጠበበበት፥ ልጆቹን ማስተማሪያ ያጣ ገበሬ ይህን የሚያደርገው ከችግር የተነሣ መሆኑን አንዘነጋም። ይሁን እንጂ ከላይ ያለው ጎረቤት የሚቆርጠው ዛፍ ከታች ላለው ጎረቤት ቤት መሠረት መሆኑን መናገር ግዴታችን ነው። ይህ የባልንጀራ ፍቅር ትእዛዝ አካል ነው።

በጎፋ የሞቱት

የተዳፋትን ነገር ስናነሣ የጎፋን ሐዘን ልናልፈው አንችልም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፥ በገዜ ጎፋ ወረዳ፥ በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ከከባድ ዝናብ በኋላ ተራራው ተንዶ ቤቶችን ቀበረ። ያ አደጋ የመሬት መንቀጥቀጥ አልነበረም፤ ነገር ግን ከአንድ ቤት የመጣ ነው ማለት ይቻላል። ከፍ ያለውን ተራራ ያቆመው የስምጥ ሸለቆው እንቅስቃሴ ነው፤ ያወረደው ደግሞ ዝናብ ነው። ጩኸቱን የሰሙ ጎረቤቶች፥ ከእነርሱም መካከል የቀበሌው አስተዳዳሪ፥ መምህራንና የጤና ባለሙያዎች፥ የተቀበሩትን ለማውጣት በዶማና በባዶ እጅ ይቆፍሩ ጀመር። በዚያ ሳሉ ሁለተኛ ናዳ ወረደባቸው። ከ200 በላይ ሰዎች አለቁ፤ ብዙዎቹ ሊያድኑ የመጡ ነበሩ።

እነዚህን ሰዎች «ምን በድለው ነው?» የሚል ማን ይገኛል? ስለ ወዳጆቹ ነፍሱን ከሚሰጥ ሰው ፍቅር የሚበልጥ ፍቅር እንደሌለ ጌታችን ካስተማረን (ዮሐ. 15፥13)፥ እነዚያ ጎረቤቶች በጭቃ ውስጥ ሳሉ ያንን ፍቅር ፈጽመዋል። በዶማቸው የቆፈሩት ዙሪያ የወንድማቸውን ሕይወት ለማትረፍ ነበር።

ይሁን እንጂ እነርሱን በእውነት የምናከብራቸው፥ የእነርሱ ሞት ነገ ሌላውን እንዲያድን ስናደርግ ነው። ተዳፋቱ ከተንቀሳቀሰ በኋላ እንደገና ሊንቀሳቀስ ይችላል። ስለዚህ ለእርዳታ ስንሮጥ ሁላችን ወደ ታች ብቻ እንዳንመለከት፤ አንድ ሰው ከአደጋው ውጭ ቆሞ የተራራውን ራስ ይጠብቅ፤ ድንጋይ ሲንከባለል ወይም ስንጥቅ ሲሰፋ ካየ ይጩኽ፤ ሕፃናትና የማይቆፍር ሰው ከስፍራው ይራቁ። በክረምት ከቤታችሁ በላይ መሬቱ ከተሰነጠቀ፥ ቀጥ ያለው ዛፍ ካዘነበለ፥ ንጹሕ የነበረው ምንጭ በድንገት ከደፈረሰ፥ በር ከመድፈኛው እንቢ ካለ፥ ሌሊቱን በዚያ ቤት አትደሩ። ቤትን ለአንድ ሌሊት መተው የእምነት ማነስ አይደለም። ቅዱስ ዮሴፍም በሌሊት ተነሥቶ ሕፃኑንና እናቱን ይዞ ሸሽቷል።

ቤቱን በዓለት ላይ

ጌታችን ቃሉን ሰምቶ የሚያደርገውን ሰው ቤቱን በዓለት ላይ በሠራ ልባም ሰው መስሎታል (ማቴ. 7፥24-27)። ምሳሌው ስለ ነፍስ የተነገረ ነው፤ ነገር ግን ቤትን በአሸዋ ላይ መሥራት ሞኝነት መሆኑ ካልታወቀ ምሳሌውም አይገባም። የመሬት መንቀጥቀጥ ራሱ ብዙ ሰው አይገድልም፤ የሚገድለው በሰው ላይ የሚወድቀው ግድግዳና ጣሪያ ነው። በሀገራችን የሕንፃ ደንብ ለመሬት መንቀጥቀጥ የሚደረገውን ጥንቃቄ የሚደነግግ ክፍል ከወጣ ሠላሳ ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ ስምጥ ሸለቆና ዳርቻውም ከፍ ያለ ሥጋት ካለባቸው ስፍራዎች ተቆጥረዋል።

ስለዚህ በየቁምስናው ጸሎት ቤት፥ ትምህርት ቤት ወይም ክሊኒክ ሲሠራ ከብረቱና ከሲሚንቶው የሚቀነስ ሰው ከሕፃናት ሕይወት ላይ እየቀነሰ መሆኑን ይወቅ። አትስረቅ የሚለው ትእዛዝ በዚህ ስፍራ አትግደል ከሚለው ጋር ይገናኛል። ይህን ኃጢአት የሠራ ሰው በኑዛዜ ሊናገረው፥ በተቻለውም መጠን ሊያስተካክለው ይገባል። በእንጨትና በጭቃ ቤት የሚኖር ወንድማችንም አይናቅ፤ ቀላልና በደንብ የታሰረ የእንጨት ቤት ብረት ከጎደለው የብሎኬት ግድግዳ ይልቅ መናወጥን ሊታገሥ ይችላል።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ይህንን ለልጆች ቢያስተምሩ መልካም ነው፦ ምድር ስትንቀጠቀጥ በቤት ውስጥ ያለ ሰው ከመስኮትና ሊወድቅ ከሚችል ከባድ ዕቃ ይራቅ፤ ጠንካራ ጠረጴዛ ወይም አግዳሚ ሥር ገብቶ ራሱን በእጁ ይሸፍን፤ መናወጡ እስኪያልፍ ይቆይ። በውጭ ያለ ከግድግዳና ከኤሌክትሪክ ምሰሶ ይራቅ። በቅዳሴ ጊዜ ከሆነ ሁሉ በአንድነት ወደ በር አይሩጥ፤ በመገፋፋት የሚሞተው ሰው ግድግዳ ከሚገድለው ሊበልጥ ይችላልና። የጸሎት ቤቱ በሮችም በጸሎት ሰዓት ተቆልፈው አይቀመጡ።

በመጨረሻም በአፋርና በፈንታሌ ቤታቸውን ስላጡት እናስብ። ከእነርሱ ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸው፤ በቋንቋም በአኗኗርም ከእኛ ይለያሉ። ነገር ግን በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ብዙ መቶ ሺህ ሰዎች ሲፈናቀሉ፥ በትምህርት ቤትና በቤተ እምነት ወለል ላይ ማደር ምን እንደሆነ ይህ አካባቢ አይቷል። በዝናብ ውስጥ ሕፃን አዝላ የቆመችውን እናት ያየ ሰው በመጠለያ ድንኳን ያለችውን የአፋር እናት ለማወቅ ትርጓሜ አያስፈልገውም። ለእርሷ የሚሆነን ቃል «ምን በደልሽ?» ሳይሆን «ምን ጎደለሽ?» ነው። በጸሎታችን እንዘክራቸው፤ በቁምስናችን ለተጎዱት በሚሰበሰበው መባም፥ ጥቂት ብትሆን፥ ድርሻችንን እናኑር።

ከመናወጡ በኋላ

ነቢዩ ኤልያስ በኮሬብ ተራራ ላይ ቆሞ ብርቱ ነፋስ አለፈ፤ ከነፋሱም በኋላ የምድር መናወጥ ሆነ፤ ከመናወጡም በኋላ እሳት ወረደ። እግዚአብሔር ግን በእነዚህ ውስጥ አልነበረም፤ በስተመጨረሻ በተሰማው ዝግ ባለ ድምፅ ውስጥ ኤልያስ ፊቱን ሸፈነ (1ነገ. 19፥11-13)። ኤልያስ የሰማው ድምፅ ያስፈራራው ድምፅ አልነበረም፤ «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» ብሎ የጠየቀውና ወደ ሥራው የመለሰው ድምፅ ነው። በፊልጵስዩስም የምድር መናወጥ የወኅኒውን መሠረት ሲያናውጥ፥ ቅዱስ ጳውሎስ አላመለጠም፤ ራሱን ሊገድል የነበረውን የወኅኒ ጠባቂ አዳነው (ሐዋ. 16፥26-34)። ጠባቂውም በዚያች ሌሊት ያደረገው የመጀመሪያ ሥራ የእስረኞቹን ቁስል ማጠብ ነበር።

ጌታችን በመስቀል ላይ ነፍሱን ሲሰጥ ምድር ተናወጠች፤ በትንሣኤውም ማለዳ ዳግመኛ ተናወጠች። በሁለቱ መናወጦች መካከል ፈጣሪያችን ራሱ በመቃብር ዐረፈ። ስለዚህ በሰሊሆም፥ በማጀቴ፥ በሰርዶ፥ በጎፋ ከአፈርና ከድንጋይ በታች የቀሩትን ሰዎች እኛ ማንነታቸውን አንመዝን፤ ከድንጋይ በታች የዋለው ጌታ ያውቃቸዋል።

እኛ ግን ገና ቆመናል። ለበለሷ የተለመነው ዓመት ለእኛ ተሰጥቷል። ዘንድሮ እያንዳንዳችን ከሙታን ፍርድ እጃችንን አንሥተን በዶማችን ላይ እናድርግ፤ አንድ ዛፍ እንትከል፤ አንድ የተሰነጠቀ ግድግዳ እናድስ፤ ከአንድ ጎረቤት ጋር እንታረቅ፤ አንድ ኑዛዜ አንዘግይ። ጌታው በመጣ ጊዜ ዙሪያችን ተቆፍሮ፥ ፍሬም አፍርተን እንዲያገኘን፥ በእመቤታችን በቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት ይርዳን።

ለአብ ለወልድ ለመንፈስ ቅዱስ ክብር ይሁን፤ አሜን።